ብልቃጥ ማጠብና ሣር ማጨድ

ኬንያዊቷ ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት «አንባውድ» (ያልጎበጠች እንደ ማለት ነው) የተባለው የሕይወት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በዛፍ ተከላው ነው። እኛን መምህራንን የሚመለከቱት ገጾች ግን ስለ ካቶሊክ የልጃገረዶች ትምህርት ቤቶች የሚተርኩት ናቸው።

በኒየሪ ቅድስት ሴሲሊያ አዳሪ ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ስትናገር የተያዘች ልጅ «ሞኒተር» የሚሉትን ምልክት ትለጥፋለች። ሌላዋን ስትይዝ ታስተላልፍላታለች፤ ሲመሽ የተገኘባት ሣር ታጭዳለች፣ ትጠርጋለች ወይም አትክልት ቦታ ትሠራለች። አፈር መንካት ቅጣት ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ዛፍ በማስተከል ታውቀው በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለተቀበሉት ሴት!

በሊሙሩ ሎሬቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነገሩ ተገለበጠ። የሳይንስ አስተማሪያቸው የነበሩት መነኩሲት ከክፍል በኋላ ወደ ቤተ ሙከራ ይጠሯቸውና ብልቃጥ ያሳጥቧቸው ነበር፤ እያጠቡም ይጨዋወታሉ። ይህን «ክበብ» የሚለው የለም። ሆኖም በ1959 ጨርሰው በተከታዩ ዓመት አሜሪካ ሲሻገሩ ያጠኑት ባዮሎጂን ነው። ሥራው ያው የእጅ ሥራ ነው፤ የተለየው አጠራሩ ነው።

ነቀፌታዬ ጸሐፊዋ እዚህ ላይ መቸኮላቸው ነው። ሳይጠሩ የቀሩት ልጃገረዶችስ? አንዲት ጎበዝ ስትቀርብ የቀሩት በመስኮት እንደሚያዩ ቤተ ሙከራ ያለን ሁላችን እናውቃለን፤ ቁልፉ በርእሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ የሚውልበትን ትምህርት ቤት ሳንቆጥር።