ከቱሪስት ፖስተር የተቆረጠች አገር

ፖለቲካውን ለዛሬ ለባለቤቶቹ ልተውና ስለ መቀስና ስለ ሙጫ ጥቂት ላውጋችሁ።

ሰሞኑን በምኖርበት ከተማ የእኛው ልጆች ያዘጋጁትን የኮላዥ ዐውደ ርእይ ተጋብዤ አይቼ ነበር። ኮላዥ ማለት ወረቀት እየቆረጡ፣ እየቀደዱና በሙጫ እየለጠፉ የሚሠራ ሥዕል ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቡናው ተፈልቷል፤ መድረክ ላይ የወጣው ሁሉ አድንቋል። እኔም እንደ ሰው “እንኳን ደስ ያላችሁ” ብዬ ወጣሁ። በይሉኝታ የዋጥኩት ነገር ግን አላስተኛኝምና እነሆ ልጽፈው ተነሣሁ።

የቀረቡት ሥራዎች ከሠላሳ አይበልጡም። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ያው የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ፣ ያው የአክሱም ሐውልት፣ ያው ጀበና፣ ያው አንበሳ፣ ያቺው የሀገር ልብስ የለበሰች ቆንጆ አሉ። ሁሉም ከቀን መቁጠሪያና ከቱሪዝም መጽሔት በጥንቃቄ ተቆርጠው፣ ጠርዛቸው እንኳ ሳይነካ፣ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ወረቀት ላይ ተለጥፈዋል። ከሠሪዎቹ አንዱን ወጣት “መነሻ ሐሳብ ከየት ታገኛለህ?” ብዬ ጠየቅሁት። “ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ የአገሬን ፎቶ እፈልጋለሁ፤ አትሜ እቆርጣለሁ” አለኝ። ስላልዋሸኝ አከብረዋለሁ። ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም። እኛ ታላላቆቹ “አገርህ ይቺ ናት” ስንለው ያሳየነው ፖስተሩን ነውና።

የእኔ ክርክር አጭር ነው። የኮላዥ መነሻው ወረቀቱ ላይ የታተመው ፎቶ ብቻ ሳይሆን ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ከየት መጣ፣ ማን ያዘው፣ ምን አገለገለ የሚለው ነው። ይህን ከራሴ አላፈለቅሁትም። ጥበቡ ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። በ1912 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ) ብራክ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአቪኞን ከተማ የእንጨት መልክ የታተመበት የግድግዳ ወረቀት ሱቅ ውስጥ አየ። ገዝቶ ቆረጠውና በከሰል ከሣለው የፍራፍሬ ሳህንና ብርጭቆ ጋር ለጠፈው። በዚያው ዓመት ጓደኛው ፒካሶ የወንበር ሽመና የታተመበት የጠረጴዛ ልባስ ሸራው ላይ ለጥፎ ዙሪያውን ገመድ አዞረበት። ሁለቱም መነሻ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ ያነሡት ማንም ሰው ቤት የሚገኝ ርካሽ ነገር ነው።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን ኩርት ሽቪተርስ ይመስለኛል፤ ስደተኛ ነበርና። ይህ ጀርመናዊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሃኖቨር ከተማ የትራም ትኬት፣ የዕቃ መጠቅለያና የማስታወቂያ ቁርጥራጭ እየለቀመ ይለጥፍ ነበር። ለሥራው ያወጣለት “ሜርዝ” የሚለው ስም እንኳ “ኮሜርዝ” ከሚል የታተመ ቃል ላይ ተቆርጦ የቀረ ነው። ናዚዎች ሥራውን “የዘቀጠ ጥበብ” ብለው በ1937 ሕዝብ እንዲሳለቅበት ሰቀሉት። እሱ በዚያው ዓመት ወደ ኖርዌይ ሸሸ፤ በ1940 ጀርመን ኖርዌይን ስትወር ወደ ብሪታንያ ተሻገረ። እዚያም “የጠላት አገር ዜጋ” ተብሎ በአይል ኦፍ ማን ደሴት በካምፕ ታጎረ። ከተፈታ በኋላ ምን ለጠፈ? የእንግሊዝ የአውቶቡስ ትኬትና የእንግሊዝ የከረሜላ መጠቅለያ። አገሩን የተነጠቀው ሰው ስደቱን የሠራው ስደቱ እጁ ላይ ባስቀመጠለት ወረቀት ነው። በ1948 እዚያው አገር እስኪሞትም መለጠፉን አልተወም።

“ቆይ እንጂ! አሜሪካዊው ሮሜር ቤርደን ፎቶ ከመጽሔት አይደለም ወይ የቆረጠው?” የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው። ቤርደን በ1911 ሰሜን ካሮላይና ተወልዶ ሃርለም ያደገ ሰው ነው። በ1963 ከሌሎች ጥቁር ሰዓልያን ጋር “ስፓይራል” የተባለውን ቡድን ከመሠረተ በኋላ ፊቱን ወደ ኮላዥ አዞረ፤ ብዙውን ወረቀትም ያገኘው ከመጽሔት ነው። ነገር ግን ፎቶውን እንደ ነበረ አልተወውም። አንዱ ፊት ከብዙ ሰው ፊት፣ አንዳንዴም ከአፍሪካ ጭምብል ቁራጭ የተገጣጠመ ነው። ዓይኑ ከዓይኑ አይመጣጠንም፤ እጁ ከሰውነቱ ይገዝፋል። በ1971 የሠራውና በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው “ዘ ብሎክ” ስድስት ሰሌዳ ጎን ለጎን ሆኖ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። የሚያሳየውም ሃርለም ውስጥ ያለ አንድ ጎዳና ነው፦ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ግሮሰሪው፣ በየመስኮቱ የሚኖረው ሰው። እንግዲህ ከመጽሔት መቁረጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ መጽሔቱ የተናገረውን መልሶ መናገር ነው። የእኛ ልጆች መቀስ ቤተ ጊዮርጊስን ከወረቀቱ ላይ ቆረጠው እንጂ ከፖስተርነቱ አላላቀቀውም።

ከራሳችን ሰው ልጥቀስ። ብዙዎቻችን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህርነቱ የምናውቀውና በ2003 ያረፈው እስክንድር ቦጎሲያን በ1964 ፓሪስ ሳለ “የጁጁ ሠርግ” የተባለውን ሥራ የሠራው በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው። ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በዚያው ዓመት በሠራው “የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ” ላይም ከዘይት ቀለሙ ጋር ኮላዥ ገብቷል። በእስክንድር ሥራዎች ውስጥ የጠልሰም ክታባችን ዓይኖችና መስመሮች ይታያሉ። ክታብ ምን እንደሆነ እናስታውስ፦ የብራና ቁራጮች ተሰፍተው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃሉ፤ ጸሎቱ መሐል የባለቤቱ ስም ይገባል። ለአንድ ሰው ሕመም፣ በአንድ ሰው ልክ የተሠራ ነው። እስክንድር ክታቡን ጌጥ አድርጎ ሥዕሉ ላይ አልሰቀለውም፤ በራሱ እጅ ዳግም ፈጠረው። የፖስተር ላሊበላ ግን የማንም ልክ አይደለም።

ለነገሩ መለጠፍን ከፓሪስ መማርም አያሻንም ነበር። ጋዜጣ በተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ሥር ያደገ እጁን ያውጣ! እናቶቻችን ዱቄት በውሃ አፍልተው ሙጫ ይሠራሉ፤ አሮጌ ጋዜጣ ይለጥፋሉ። የመሪው ፎቶ ከሳሙና ማስታወቂያ ጎን ይገባል፤ አንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ይለጠፍና አንገታችንን ጠምዝዘን እናነበዋለን። ማንበብ ከዚያ ግድግዳ ላይ የተለማመድን ጥቂት አይደለንም። ጋዜጣው ሲያረጅ በላዩ ሌላ ይለጠፋል፤ መንግሥት ተለውጦ የአዲሱ ፎቶ በአሮጌው ላይ ያርፋል። ጥግ ላይ ሲላጥ ደግሞ የወደቀው ብቅ ይላል። ይህን የሚያህል መነሻ ጥለን ነው ልጆቻችንን ወደ ቀን መቁጠሪያ የሰደድናቸው።

“ለናፈቀ ሰው የላሊበላ ፎቶ ምን ይጎዳዋል?” ትሉኝ ይሆናል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ምንም አይጎዳም፤ እኔም ቤት አለ። ሥነ ጥበብ ነኝ ብሎ ሲመጣ ግን ናፍቆቱን ሳይመረምር ያስተኛዋል። አስጎብኚ ድርጅት ለእንግዳ የሚያሳየው አገርና እኛ ጥለነው የመጣነው አገር አንድ ይሆኑብናል። እኔ ቤተ ጊዮርጊስን ጥዬ አልመጣሁም፤ ሰው ጥዬ ነው የመጣሁት።

ከዚያ አዳራሽ ይህን የተረዳች አንዲት ልጅ ነበረች። በበሩ አጠገብ የተሰቀለው ሥራዋ ከደብተር ገጽ አይበልጥም፤ ብዙው ሰው ካፖርቱን ሲያወልቅ አልፎታል። ከእናቷ መሳቢያ ያገኘችውን ነው የለጠፈችው፦ ዲቪ ሲደርስ ከኬንታኪ ይመጣ የነበረውን ፖስታ ቁራጭ፣ የአየር መልእክት ደብዳቤ ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ፣ የሐዋላ ደረሰኞች። መሐሉ ላይ በአያት እጅ ጽሑፍ “ይድረስ ለምወድሽ” ይላል፤ ስሙ ያለበት በኩል ተቀድዷል። ባንዲራ የለበትም። ከፊቱ ቆሜ ግን የራሴን መሳቢያ አስታወስኩ።

ቤቴ ስገባ ከፈትሁት። ደብዳቤዎቹ አሉ። ለአባቴ ሕክምና በየወሩ ስልክ የነበረው የሐዋላ ደረሰኝ ግን አብዛኛው ነጭ ወረቀት ሆኗል። እንዲህ ያለው ደረሰኝ በቀለም ሳይሆን ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ስለሚታተም ዓመታት ሲያልፉ ጽሑፉ ይጠፋል። መጠኑም፣ ቀኑም፣ የአባቴም ስም የለም።

ስለዚህ ለልጆቹም ለእኛም የምለው ይህን ነው። መነሻ ፍለጋ ኢንተርኔት ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መሳቢያ ክፈቱ። እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ ደረሰኙን ሳይነጣ ግልባጭ አንሡለት፤ ከዚያ መቀሱን አንሡ። እኛም ወላጆች “ይህ ቆሻሻ ነው” ብለን ሳንጥለው እናቀብላቸው። እስቲ የሚቀጥለው ዐውደ ርእይ ከዚያ ይጀመር፤ እኔም ያኔ ሳልዋሽ “እንኳን ደስ ያላችሁ” እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።