የአንባቢ ሚዛንና «ኦሮማይ»

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ሲጠፋ፣ መኪናው ከአቃቂ እምብዛም በማይርቀው የቃሊቲ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች።

መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ ያነበበው ላላነበበው አወራ፤ ሁሉም እንደየስሜቱ ደረጃ ሰጠው። ይሁን እንጂ የተወደደው በይዘቱ ነው ወይስ በመከልከሉ? መልሱ ከድርሰቱ ውስጥ መፈለግ አለበት። የጋዜጠኛው ፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር ለልብ ወለዱ ሕይወት ሰጥቶታል፤ የዘመቻው ዘገባ በበዛባቸው ገጾች ግን ትረካው ይከብዳል።

መጽሐፉ በግልጽ በሚነበብበት በአሁኑ ዘመን፣ አንባቢ «ግሩም ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃውም፤ ግሩም ያሰኘውን ነጥሎ ማሳየት ይጠበቅበታል። ለደራሲው የሚገባው ክብርም ይኸው ነው።