ከመሪ ተዋናዩ ጀርባ ያሉ ዓይኖች

አንድ ተዋናይ ሚኒስትር ሆኖ አዳራሽ ሲገባ፣ ትልቅ ሰው መግባቱን የምናምነው በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ወገቡን ቀና ሲያደርግ፣ ጥግ ይዘው የሚያወሩት ድምፃቸውን ሲቀንሱ፣ የተቀመጡትም ብድግ ብለው እሱ እስኪቀመጥ ሲጠብቁ ነው። ሱፉን ማንም ሊለብሰው ይችላል። እነዚያ የሚነሡት ሰዎች በድርሰቱ ላይ ስም የላቸውም፤ ንግግርም አልተጻፈላቸውም። ኤክስትራ ወይም አጃቢ እንላቸዋለን። እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ከእነሱ መካከል ቆሜ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ቀረጻ ላይ እነሱን የማሰናዳው እኔ ነኝ። የመሪ ተዋናዩ ማዕረግም ሆነ ውርደት የሚታየው በአጃቢዎቹ ፊት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው አጃቢው ዝነኛውን አርቲስት ሲያይ ነው። በቴሌቪዥን የሚያውቀው ሰው ቀዳዳ ጃኬት ለብሶ፣ ሥራ ያጣ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሻይ ቤት ይገባል። ሻይ ጠጪዎቹ ሁሉ በአድናቆት ያዩታል፤ ዓይናቸው ያበራል፤ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ አለ። ካሜራው ይህን ሁሉ ይይዛል። ተዋናዩ የቱንም ያህል ቢጎብጥ፣ ያንን ድሃ ማንም አያምነውም።

«አትዩት» ብሎ መቆጣት መፍትሔ አይሆንም። አትይ የተባለ ሰው አንገቱ ይደርቃል፤ አለማየቱም ይታወቅበታል። እኔ የማደርገው ታሪኩን መንገር ነው። «ለአንቺ ይህ ሰው ባለፈው ወር የሻይ ሒሳብ ሳይከፍል የወጣ ነው»፤ «ለአንተ ደግሞ ጎረቤትህ ነው፣ ገንዘብ እንዳይጠይቅህ ትፈራዋለህ»። ይህ ከተነገረ በኋላ አንዷ አየት አድርጋው ፊቷን ታዞራለች፤ ሌላው ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። መሪ ተዋናዩ ገና አንድ ቃል ሳይናገር ድህነቱ ተነገረለት።

ሻይ ቤት ውስጥ ሌላም የማይታይ ሥራ አለ። ማይኩ የሚፈልገው የመሪ ተዋናዮቹን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ አጃቢዎቹ አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ያለ ድምፅ ያወራሉ፤ ይስቃሉ፤ ብርጭቆውንም እንዳይንኳኳ አድርገው ያስቀምጣሉ። የሻይ ቤቱ ሁካታ በኋላ በቅንብር ይጨመራል። መሪ ተዋናዩ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁካታ እንዳለ አድርጎ ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት፤ ብዙዎቹም ይረሱትና ያንሾካሹካሉ። አጃቢዎቹ ከልባቸው ካወሩለት፣ እጃቸውን ካወናጨፉለት፣ ቤቱ መሙላቱ ትዝ ይለዋል። እዚህ ላይ የሚረዳው አዘጋጁ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው አጃቢ ነው።

የዕድሜ ነገርም አለ፤ በእኛ አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ወጣቱ ተዋናይ ክፉ አከራይ ሆኖ አንድ አዛውንት ተከራይን ገፍትሮ ያስወጣል፤ ንግግሩም «ውጣ አንተ!» የሚል ነው። አዛውንቱ ከሠፈር የመጡ አጃቢ ናቸው፤ ልጃቸው በሚሆን ሰው እንዲህ ተብለው አያውቁም። ጨዋ ተዋናይ ቀረጻው ሳይጀመር ጎንበስ ብሎ ይቀርባቸዋል። «አባባ፣ አሁን የምናገረው የሰውየውን ክፋት ነው፤ አይቀየሙኝ። የት ጋ ብይዝዎት አይጎዳዎትም?» ይላል። «ግድ የለም ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ግፊያው እውነት ይመስላል፤ እሳቸው ስላመኑት ሰውነታቸውን አያደርቁበትም። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ያየሁትም አለ። ሰውየው ከልባቸው ተቀይመው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ማንም ሊመልሳቸው አልቻለም። ልክ ነበሩ።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ የለቅሶ ትዕይንት ነው። የሠፈር እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ። «አክሽን» ሲባል የሟች ሚስት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ታለቅሳለች፤ እናቶቹም ይቀጥላሉ። ግን ለድርሰቱ ሟች አያለቅሱም። አንዷ ለልጇ፣ ሌላዋ ለእህቷ ታለቅሳለች። «ከት» ሲባል መብራቱ ይጠፋል እንጂ ለቅሶው አይቆምም። በዚያች ቅጽበት ተዋናይቷ የምታደርገው ነገር የቀኑን ሥራ ይወስናል። ወዲያው ተነሥታ ሜካፕ ከጠራች፣ እናቶቹ መጠቀሚያ እንደሆኑ ይሰማቸዋል፤ ቀጣዩ ቀረጻ ባዶ ይሆናል። አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ከያዘች፣ «እናቴ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?» ብላ ከጠየቀች፣ ያ ድንኳን የእሷም ድንኳን ይሆናል። ይህን ሳይነገራቸው የሚያደርጉ ተዋናዮች አሉ፤ ከልቤ አከብራቸዋለሁ።

ስለዚህ አዘጋጁን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ድንኳኑን በሙሉ የሚያሳየውን ሰፊ ሾት አስቀድመን እንቅረጽ። የተዋናይቷ ዕንባ ይቅደም፣ ቅርብ ሾቱ ይበልጣል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። እሷ የሠለጠነች ናት፤ ደግማ ማልቀስ ሙያዋ ነው። የእናቶቹን ሐዘን ግን ሁለቴ መጠየቅ ነውር ነው።

በተዋናይቷ ቅርብ ሾት ጊዜ ደግሞ ከካሜራው ጀርባ፣ በዓይኗ አቅጣጫ የቆሙትን አጃቢዎች ዞር አደርጋለሁ። አንዳንዶቹ ንቀት ይመስላቸዋል። ዓይኗ ውስጥ ገብተው ሐሳቧን እንዳይበትኑባት መሆኑን ስነግራቸው፣ ለሷ ሲሉ ራሳቸው ሌላውን ዝም ያሰኛሉ።

አጃቢ ብቻውን ትዕይንት መሸከም እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሪቻርድ አተንቦሮ የሠራውን «ጋንዲ» ይመልከት። የጋንዲ አስከሬን ሽኝት ትዕይንት ጃንዋሪ 31 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ዴልሂ ላይ ሲቀረጽ ከ300,000 በላይ ሰው ወጥቷል። ዋናው ባለታሪክ ሞቷል፤ አይናገርም፤ አይንቀሳቀስም። ትልቅነቱን የሚነግረን መንገዱን የሞላው ሕዝብ ነው። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጥቁርና ነጭ ፊልሙ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ገበሬዎችን ራሳቸውን አሠርቷል። እዚያ መሪና አጃቢ የሚባል ድንበር ይሳሳል፤ ባለርስቱ ፊት የሚቆመው ሰው አቋቋሙን ከማንም አልተማረም።

እኛ ዘንድ ግን አጃቢው ከንጋት ጀምሮ የራሱን ልብስ ይዞ ይጠብቃል፤ መሪ ተዋናዩ ሲደርስ ተሰልፎ ያየዋል እንጂ አይተዋወቀውም። ከዚያ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወንድሙ፣ አለቃው ወይም ጠላቱ እንዲሆን ይጠየቃል።

ለአዘጋጆች የምለው አጭር ነው። ካሜራው ከመነሣቱ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡን። መሪ ተዋናዩ ይምጣ፣ ሰላም ይበላቸው፣ በታሪኩ ውስጥ ለእነሱ ማን እንደሆነ በራሱ አፍ ይንገራቸው። ምሳም አብሯቸው ይብላ። ስማቸውን መዝግቡ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ስማቸው ከሌሎቹ ጋር ይውጣ።