ጫማ ወይስ ሜትር? ገበሬው የተረሳበት ክርክር

በእኛ በተማሪዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ለዕለት ኑሮ የሚሻለው የእንግሊዞች ልክ፣ ማለት ጫማና ኢንች፣ ፓውንድና ጋሎን ነው ወይስ ሜትርና ኪሎ ነው የሚል ነው። ክርክሩን የምንነቅፈው ከንቱ ነው ብለን አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ሲከራከሩ በደባርቅና በዳባት ገበያ እህሉን አስፍሮ የሚሸጠው ገበሬ ትዝ አይላቸውም።

የጫማ ወዳጆች ዋና ማስረጃቸው ይህ ልክ ከሰው አካል የወጣ ስለ ሆነ ለሰው ይቀርባል የሚል ነው። ሆኖም ከአካል የወጣ ልክ የምንሻ ከሆነ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልገንም፤ ጣት፣ ጋት፣ ስንዝርና ክንድ ከአያቶቻችን ወርደው በእጃችን አሉ። ከዚህም በላይ ዛሬ ኢንች የሚባለው የማንም ሰው ጣት አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች በ1959 እ.ኤ.አ. ተስማምተው ኢንች ልክ 25.4 ሚሊሜትር እንዲሆን ስለ ወሰኑ፣ ኢንች ራሱ የሜትር ጥገኛ ሆኗል። የጋሎንም ነገር ቢሆን የእንግሊዙ 4.5 ሊትር ያህል ሲይዝ የአሜሪካው የሚይዘው 3.8 ሊትር ያህል ነው። ስሙ አንድ፣ ስፍሩ ሁለት የሆነ ልክ በአገራችንም ስላለ ከውጭ መጨመር አያሻም።

ይህን ስንል ጫማና ኢንች በአካባቢያችን የሉም ማለታችን አይደለም። ቧንቧ በኢንች ይገዛል፤ የአውሮፕላን ከፍታ በጫማ ይነገራል። የስሜንን ተራሮች ለማየት ደባርቅ የሚያድር አሜሪካዊ ራስ ዳሸን ከ14,700 ጫማ በላይ ነው ቢል፣ መንገድ መሪው ከ4,500 ሜትር በላይ ነው ይለዋል። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ይህ ችግር በአንድ ማባዛት የሚያልቅ ስለ ሆነ ብዙ አንቆይበትም።

የሜትር ወዳጆች የያዙት ማስረጃ የበለጠ የጠነከረ ነው። በዐሥር ማባዛትና ማካፈል ለተማሪም ለነጋዴም ይቀላል፤ ከዓለም አብዛኛው የሚሠራው በዚሁ ነው። ሕጉም ከእነርሱ ጋር ነው፤ በአገራችን ስለ ክብደትና ስለ መለኪያ በ1963 እ.ኤ.አ. አዋጅ ወጥቶ የሜትር ሥርዓት ሕጋዊ ሆኗል። ስሕተታቸው አዋጁ ሲወጣ ጉዳዩ አብሮ አለቀ ብለው ማሰባቸው ነው። ገበያ የወጣ ሰው ግን እህል ዛሬም በጣሳና በቁና ሲሰፈር ያያል።

ቁናው ስንት ነው ብለን ብንጠይቅ ደግሞ አንድ መልስ አናገኝም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1969 እና በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች ታሪክ ባወጡት ሰፊ ጥናት እንደሚታየው፣ ያው የመለኪያ ስም ከአገር አገር የተለያየ ልክ ሲይዝ ኖሯል። ለዚህ የራሳችን ምስክር አለን። አክስታችን በቤቷ ቁና ዐሥር ብላ የሰፈረችው ገብስ ዳባት ገበያ ሲደርስ በገዢው ቁና ዘጠኝ ሆነ። ገዢው ሲገዛ ቁናውን እስኪፈስ ድረስ ይቆልላል፤ ሲሸጥ ግን አፉን በመዳፉ ጠርጎ ነው። አክስታችንም «አህያዋ በልታው ይሆናል» ብላ ገንዘቧን ተቀብላ ተመለሰች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ገዢ ሚዛን አቆመ። የሜትር ወዳጆች ይህን ቢሰሙ ደስ በተሰኙ ነበር። አክስታችን ግን የሚዛኑን ቁጥር ማንበብ አትችልም። ቀድሞ ቁናው ሲቆለል ቢያንስ በዐይኗ ታይ ነበር፤ አሁን የሚነግሯትን መቀበል ብቻ ሆነ። ስለዚህ የተሻለው ልክ፣ የሚመረምረው ሰው ሳይኖር ሲመጣ፣ ለደካማው ወገን የባሰ ሊሆን ይችላል እንላለን።

በመሬት ረገድም እንዲሁ ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በወገራ ሜዳና በመካነ ብርሃን ዙሪያ ባለው ድንጋያማ ተዳፋት የአንድ ቀን እርሻ እኩል ስለማይሆን፣ አንዳንዶች ጥማድ ልክ አይደለም ይላሉ። ሄክታር የመሬቱን ስፋት ሲናገር ጥማድ የገበሬውንና የበሬውን ድካም እንደሚናገር ግን ዘንግተዋል። ማዳበሪያና ዘር በሄክታር ስለሚታሰብ ገበሬው ሄክታርን ማወቅ ይገባዋል፤ ባለሙያውም ጥማድን ማወቅ አለበት።

ሜትርን የወለደችው ፈረንሳይ ራሷ በዚህ አልፋለች። በ1789 እ.ኤ.አ. ገበሬዎቿ ለንጉሣቸው ካቀረቡት አቤቱታ አንዱ የየጌታው ስፍር መለያየት ነበር። የሜትር ሕግ በ1795 ወጣ፤ ሕዝቡ ስላልለመደው ናፖሊዮን በ1812 የቀድሞዎቹን ስሞች መልሶ ፈቀደ፤ ሜትር ብቻውን ግዴታ የሆነው በ1840 ነው። ከሕጉ እስከ ግዴታው 45 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

እኛ የምንደግፈው ሜትርን ነው። ነገር ግን በኦሪትም በመጽሐፈ ምሳሌም የተወገዘው በአንድ እጅ ሁለት ሚዛን መያዝ ስለ ሆነ፣ የሚዛኑ ስም መለወጥ ብቻውን ፍርድ አያመጣም። በየገበያው ማንም ሻጭ እህሉን በነፃ የሚያመሳክርበት የታወቀ ሚዛንና ቁና ይቀመጥ። ትምህርት ቤትም ኪሎን ሲያስተምር ከቁና ይጀምር፤ አንድ ቁና ገብስና አንድ ቁና ባቄላ እኩል እንደማይመዝኑ ልጆቹ ራሳቸው መዝነው ይዩት።

ለእኛም የሚተርፍ ሥራ አለ። በሚመጣው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን የመንደራችንን ቁና በሚዛን መዝነን፣ ተቆልሎም ታብሶም፣ በየእህሉ ዓይነት እንጻፍ። ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከመካነ ብርሃን የመጡት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ገበሬው ምን ያህል እንደ ጎደለበት ይታወቃል፤ ክርክሩንም ያን ጊዜ በማስረጃ እንቀጥለዋለን።