ግርማውና ፍሙ፦ የሩዶልፍ ኦቶን «ቅዱሱ» ከኢሳይያስ 6 ጎን ማንበብ

ጀርመናዊው የሉተራን ነገረ መለኮት ምሁር ሩዶልፍ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው «ቅዱሱ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ በሦስተኛው ምዕራፍ መግቢያ ላይ አንባቢውን ያስቆመዋል። ጥልቅ ሃይማኖታዊ ስሜት ያደረበትን አንድ ጊዜ እንዲያስታውስ ይጠይቀዋል፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ትዝ የማይለው ሰው ግን ንባቡን እዚያው ቢያቆም ይሻላል ብሎ ያሰናብተዋል። ይህን ገጽ በክፍል ውስጥ ስናነብ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ዘግታ፣ «እንግዲያው እኔ ልውጣ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ለዓመታት በቤተ ክርስቲያን አገልግላለች፤ ትጸልያለች፤ ትጾማለች። ሌሎች በአምልኮ ሰዓት ሲንቀጠቀጡና ሲያለቅሱ ግን እሷ ምንም አይሰማትም። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን የማነበው የእሷን ጥያቄ ይዤ ነው፤ እርስዎም እንዲሁ እንዲያነቡት እጋብዛለሁ።

አስቀድመን የኦቶን ውለታ እንመስክር። ከእሱ በፊት የነበረው የሊበራል ነገረ መለኮት እምነትን ወደ ሥነ ምግባር ለማውረድ ያዘነብል ነበር፤ «ቅዱስ» ማለት «እጅግ መልካም» ማለት ብቻ ወደ መሆን ደርሶ ነበር። ኦቶ መልካምነትን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ፣ «የሚቀረው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ለቀረው ነገር «ኑሜን» ከሚለው የላቲን ቃል «ኑሚኖስ» የሚል ስም አወጣለት፤ የሚያንቀጠቅጥም የሚስብም ምሥጢር ነው አለ። ሐሳቡን ከመጻሕፍት ብቻ አልቀዳውም። በ1911 በሞሮኮ፣ በሞጋዶር ከተማ፣ በአንድ ምኩራብ ውስጥ ሱራፌል ሦስት ጊዜ «ቅዱስ» ያሉትን በዕብራይስጥ ሲዜም ሰምቶ ልቡ በእጅጉ ተነክቶ ነበር። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማልድ ራሱን ዐፈርና አመድ ማለቱንም (ዘፍ. 18፥27) በማስተዋል አንብቦታል። ሽላየርማኸር «የፍጹም ጥገኝነት ስሜት» ያለው ነገር ከራስ የሚጀምር ነው፤ አብርሃም ግን መጀመሪያ ያየው ከእሱ ውጭ ያለውን ታላቁን ነው፤ የራሱ ኢምንትነት የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ትሕትና ራስን በመመርመር እንደማይጀምር ኦቶ ያውቃል።

ኦቶ በላቲን ቃላት ደክሞ የገለጸውን ነገር የእኛ ቋንቋ በአንድ ሥር ይዞታል። «ግርማ»፣ «መገረም»፣ «ግሩም» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በግእዝ ግሩም የሚባለው የሚያስፈራው ነው። በመዝሙር 91 ያለው የሌሊት «ግርማ» ውበት ሳይሆን ድንጋጤ ነው፤ ያው ቃል በዙፋን ላይ ለተቀመጠ ንጉሥም ይነገራል። ዛሬ ግን «ግሩም ነው» የምንለው ለምሳና ለጫማ ነው። መድረክ ላይ ቆመን ጌታን «ግሩም» ስንለውም ለምሳው ካልነው ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ፍርሃቱ ከቃሉ እንደ ወጣ ከጸሎታችንም ወጥቷል፤ እግዚአብሔር የሚታዘዝበትና ቀነ ገደብ የሚሰጠው ጸሎት በየአዳራሹ ይሰማል። ስለዚህ ኦቶን ከመንቀፋችን በፊት እንደሚያስፈልገን እንመን።

ነገር ግን ኢሳይያስ 6ን ያነበበበት መንገድ ትክክል አይመስለኝም። ነቢዩ «ወዮልኝ» ሲል፣ ጴጥሮስም በሉቃስ 5፥8 ጌታ ከእሱ እንዲለይ ሲለምን፣ በኦቶ አስተያየት ይህ በመሠረቱ ስለ ሠሩት በደል የሚሰማ ወቀሳ አይደለም፤ ፍጡር በቅዱሱ ፊት ሲቆም የሚሰማው ዋጋ ቢስነት ነው። መልካምነትን «ለጊዜው» ወደ ጎን ያኖረው ሰው፣ እዚህ ላይ ሲያስፈልገው መልሶ አላነሣውም።

እስኪ ምዕራፍ 5ን ይግለጡ። ቤትን ከቤት፣ እርሻን ከእርሻ ጋር የሚያያይዙ፣ ማልደው መጠጥ የሚፈልጉ፣ ክፉውን መልካም የሚሉ፣ በጉቦ በደለኛውን ነጻ የሚለቁ ሁሉ አሉበት፤ ስድስት ጊዜ ወዮታ ይወርዳል። ሰባተኛው ወዮ የት አለ? ገጹን የሚገልጥ አንባቢ በ6፥5 ያገኘዋል፤ የወረደውም በነቢዩ በራሱ ላይ ነው። (በዕብራይስጥ ሁለቱ ቃላት በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ ለጆሮ ግን እጅግ የተቀራረቡ ናቸው።)

ዘመኑም ይናገራል። ንጉሡ ዖዝያን የሞተበት ዓመት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 740 ገደማ። በ2ኛ ዜና 26 እንደተተረከው፣ ይህ ንጉሥ በበረታ ጊዜ ልቡ ታብዮ ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋር ሆኖ ተቃወመው፤ ንጉሡ ሲቆጣ በግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት፤ እስኪሞትም ድረስ በተለየ ቤት ተቀመጠ። በዘሌዋውያን 13፥45 ደግሞ ለምጻም ከንፈሩን ሸፍኖ ርኩስ መሆኑን እየጮኸ እንዲናገር ታዝዟል። ኢሳይያስ ስለ ከንፈሮቹ የተጠቀመበት «ርኩስ» ያው የዕብራይስጥ ቃል ነው። እኔ እንደማነበው፣ ለምጻሙ ንጉሥ በሞተበት ዓመት ነቢዩ የለምጻሙን ጩኸት ወደ ራሱ አፍ ወሰደ። ይህ «እኔ ትንሽ ነኝ» ከማለት ይለያል። በተራራ ፊት የቆመ ሰውም ትንሽነት ይሰማዋል፤ ራስ ዳሽን ግን ማንንም ንስሓ አላስገባም።

ከዚያም ፍሙ ይመጣል። ኦቶ ስለ ስርየት መናገሩን መካድ አይገባም፤ ግን ስርየት በእሱ ዘንድ ከሁሉ በፊት ርኩሱ ወደ ቅዱሱ እንዲቀርብ የሚያስችል መሸፈኛ ነው። በኢሳይያስ ዘንድ ፍሙ የነካው ያንኑ የተናዘዘበትን ቦታ፣ ከንፈሩን ነው። ዝም ብሎም አልነካውም፤ ሱራፉ በደሉ እንደ ተወገደ፣ ኃጢአቱም እንደ ተሰረየ በግልጽ ቃል ነገረው (6፥7)። ጢሱ ቤቱን ሞልቷል፤ ቃሉ ግን ግልጽ ነው።

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሰለቸሁዎት። ኦቶ፣ ኑሚኖስ ሊቀሰቀስ እንጂ ሊማሩት አይቻልም ይላል፤ በምዕራቡ ዓለም ጥበብ ለዚህ የሚያገለግሉትንም ይጠቅሳል፤ ጨለማና ዝምታን። ከዚያ ወደ እኛ አዳራሽ አንድ እርምጃ ነው። መብራቱ ደብዘዝ ይደረጋል፤ ኪቦርዱ ከጸሎቱ ሥር ቀስ ብሎ ይገባል፤ ሰውም ይንቀጠቀጣል። ሙዚቀኞቹን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ከልባቸው ያገለግላሉ። ነገር ግን በማብሪያ ማጥፊያ የሚመጣ ግርማ በዚያው ይሄዳል፤ ያልመጣለት ሰው ደግሞ እንደ ተማሪያችን በር በሩን ያያል።

ጴጥሮስን ያንበረከከው ጨለማ አልነበረም። ሌሊቱን በከንቱ ደክሞ፣ መረቡን አጥቦ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሐይቅ ላይ፣ በሚያውቀው በገዛ ሥራው መካከል ነው የተንበረከከው፤ ያየውም መረብ ሊቀድድ የደረሰ ዓሣ ነው። ዮሐንስ 12፥41 ኢሳይያስ ያየው የክርስቶስን ክብር እንደ ነበረ ይነግረናል። እንግዲህ የልብሱ ዘርፍ መቅደሱን የሞላው ጌታ አሁን በአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ነው። ጴጥሮስ እንዲለየው ለመነው፤ እሱ ግን አልሄደም፤ አትፍራ አለው፤ ሥራም ሰጠው። ለዚህ መገረም «የሚያንቀጠቅጥ»ና «የሚስብ» የሚሉት ሁለት ቃላት ይጠባሉ።

ኢሳይያስ ፍሙ ከነካው በኋላ ምን እንደ ተሰማው ጽሑፉ አይነግረንም። የሰማውን ድምፅና የመለሰውን መልስ ይነግረናል። የተላከውም እየሰማ ወደማያስተውል ሕዝብ ነው። ስብከታችን በቁጥር 8 ላይ ስለሚቆም ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንሰማውም።

መጽሐፉን ከንባብ ዝርዝሬ አላወጣሁትም፤ እርስዎም እንዲያወጡት አልመክርም። አሁን ግን ከኦቶ በፊት በነበረው ሳምንት ኢሳይያስ 5ንና 2ኛ ዜና 26ን ጮክ ብለን እናነባለን፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስም ማንም እንዲወጣ አይጠየቅም።