ከአለት የሚቀነስ አየር

እንደ ኦፕንስካድና ፍሪካድ ባሉ የጠጣር አካል መንደፊያ ፕሮግራሞች ውስብስብ ቅርጽ የሚወጣው ከጥቂት መነሻዎች ነው፦ ከሳጥን፣ ከሲሊንደር፣ ከኮንና ከሉል። የሚያያይዟቸው ሦስት ስሌቶች ናቸው። መደመር ሁለቱን አንድ አካል ያደርጋል፤ መቀነስ አንዱን በሌላው ልክ ይቆርጣል፤ የጋራውን መውሰድ የተደራረቡበትን ብቻ ያስቀራል። ዘዴው መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኸርበርት ቮልከርና አሪስቲደስ ረኪቻ መሠረቱን ከጣሉት መካከል ናቸው።

መቀነስ ለኢትዮጵያ ግን የቆየ ሙያ ነው። ከጉርድ ሾላ በላይ፣ በየካ ኮረብታ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ ነው። ግድግዳው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አልቆመም፤ ዙሪያው ተጠርቦ ሲወጣ የቀረው ግድግዳ ሆነ። ለልምምድ ደግሞ ከላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ የቤተ ክርስቲያኑ የመስቀል ቅርጽ ከሁለት ሳጥኖች ይወጣልና።

እያንዳንዱ ሳጥን 12 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ከፍታና 5 ሜትር ስፋት ይሰጠው። አንዱ በ90 ዲግሪ ዞሮ መካከል ላይ ከሌላው ጋር ሲደመር እኩል ክንድ ያለው መስቀል ይሆናል። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበትን ጉድጓድ የሚያክል ትልቅ ሳጥን ተሠርቶ መስቀሉ ከእሱ ይቀነሳል። የተረፈው አየሩ ነው፤ ያ አየር ከአለቱ ሲቀነስ ቤተ ክርስቲያኑ ብቅ ይላል፣ እግሩም ከአለቱ አልተላቀቀም። ጉድጓዱን መጀመሪያ ቆፍሮ መስቀሉን በኋላ ማስቀመጥ ለዓይን ያንኑ ይመስላል። ነገር ግን መስቀሉ ወለሉን ነክቶ ብቻ ከቆመ አንድ አካል መሆኑ ያጠራጥራል፤ ጥቂት ወደ አለቱ መስመጥ አለበት።

በሩም እንዲሁ አየር ነው። ቅስት ላለው በር 1 ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን ይቆምና በአናቱ ላይ ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ሲሊንደር ይጋደማል፤ ሁለቱ ተደምረው ከግድግዳው ይቀነሳሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ግድግዳው 800 ሚሊሜትር ከሆነ መቁረጫውንም 800 ያደርገዋል። ሁለቱ ገጾች በአንድ ልክ ስለሚውሉ ፕሮግራሙ የትኛው እንደሚቀር መለየት ያቅተዋል፤ በስክሪኑ ላይ በሩን የሸፈነ ስስ ቆዳ ይርገበገባል። መቁረጫው 802 ሆኖ በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ሲያልፍ ቆዳው ይጠፋል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። የውስጡ ክፍት ቦታ መቀነስ ያለበት መስቀሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከአንዱ ሳጥን ብቻ ቀድሞ ከተቀነሰ ሁለተኛው ሳጥን ሲደመር መልሶ ይደፍነዋል። በውስጡ የሚቆም ምሰሶ ደግሞ አይተከልም፤ ከክፍት ቦታው ላይ አስቀድሞ ይቀነስና ሳይነካ ይተርፋል።

ጠራቢው የሳተው መሮ አይመለስለትም፤ ስለዚህ የሚቀረውን አስቀድሞ በልቡ ይዞ ይጀምራል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን እርምጃ ስለሚያስቀምጥ እርማት ይፈቅዳል። የክንዱ ስፋት በአንድ ስም ከላይ ከተጻፈ፣ 5 የነበረው 4 ሲደረግ መስቀሉና በዚያ ስም የተለኩት ሌሎች ክፍሎች አብረው ይስተካከላሉ።