ጃፓንን ማድነቅና ጃፓንን ማጥናት

የሩቅ አገር ባህል በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ይሰጥ ሲባል በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው የመጻሕፍቱ ብዛት ሳይሆን የመምህሩ ዝግጅት ነው። እንደ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ባለ ወጣት ተቋም ራሱን የቻለ የጃፓን ጥናት ክፍል ከማቋቋም ይልቅ፣ የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍና የሥነ ሕይወት መምህራን በያዙት ትምህርት ውስጥ ጃፓንን አግብተው እንዲያስተምሩ ማሠልጠን ይቀላል፤ ይበጃልም። ዋናው ጥያቄ በምን ዓይን እንዲያዩ ይሠልጥኑ የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ የቆየው ዓይን የአድናቆት ዓይን ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ1881 ዓ.ም. የታወጀውን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያው አድርጓል። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የሁለቱን አገሮች ነገሥታት የዘር ሐረግ ጥንታዊነት ያነጻጽራል፤ የጸሐፊው የማወቅ ጉጉትም ሕያው ነው። ይሁንና ርእሱ ራሱ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው «ማኅደረ ብርሃን» የተባለው አገር መንግሥት ለኢጣልያ ወረራ ዕውቅና ሰጠ። ያልሠለጠነ መምህር መጽሐፉን እንደ ውዳሴ ያስነብባል፤ የሠለጠነው ግን ከማንቹሪያ ታሪክ ጎን አስቀምጦ፣ የክብር እንግዳ የሚያየውና የማያየው ምን እንደሆነ ተማሪዎቹን ያስመረምራል።

ሁለተኛው ዓይን የሚገኘው ከደባርቅ በላይ፣ በስሜን ተራሮች ላይ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ማሳዎ ካዋይና ባልደረቦቹ ከጃፓን መጥተው በግጭ የጭላዳ ዝንጀሮን ማኅበራዊ ኑሮ አጥንተዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ወጥቷል። የጃፓን የዝንጀሮ ጥናት እያንዳንዱን እንስሳ ለይቶ በማወቅና በረጅም ክትትል የታወቀ ነው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገጠር የመጣ ተማሪ ጭላዳን ከገብስ ማሳ የሚባረር እንስሳ አድርጎ ያውቀዋል። ያንኑ እንስሳ የጃፓን ሊቃውንት በምን ትዕግሥት እንደተመለከቱት ሲማር ግን ጃፓንንም፣ የገዛ አገሩንም በአዲስ ዓይን ያያል።

ጃፓን ኢትዮጵያን የሚያጠኑ ምሁራን አፍርታለች፤ 13ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በ1990 ዓ.ም. በኪዮቶ መካሄዱ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ የመምህራን ሥልጠና ከተባለ የጃፓን ፊልምና የሻይ ሥርዓት ታይቶበት የሚበተን የሳምንት ስብሰባ ሊሆን አይገባውም። የቋንቋ መሠረት፣ የንባብ ጊዜና በተማሪው ፊት የሚቀርብ የራስ ማስተማሪያ ጽሑፍ ይጠይቃል። ኅሩይ በሩን ከፍተዋል፤ ገብቶ ቤቱን መመርመር የዛሬው መምህር ድርሻ ነው።